ማክሰኞ ላይ የሚቆም ሰዓት

በዚህ ዓምድ ስለ ትዳር፣ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ቤት አያያዝ ስንወያይ ቆይተናል። ዛሬ ደግሞ ስለ እጅ ሰዓት ልናወራ ነው። «አሁን ይኼ ምን ቁም ነገር ሆኖ ነው?» የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። ነገር ግን ትንሽ የምትመስል ዕቃ ብዙ ብር ስትበላ፣ አልፎም በሁለት ሰዎች መካከል ቅሬታ ስታስገባ አይቻለሁና እስቲ ታገሡኝ።

በወላይታ ሶዶም ሆነ በአረካ፣ በቦዲቲና በሁምቦ ጠበላ እጮኛሞች ቀለበት ሲያደርጉ፣ ሙሽሮች ሲጋቡ ወይም ልጅ ሲመረቅ የእጅ ሰዓት ሲበረከት እናያለን። ሰዓት ያምራል፤ ከእጅ አይለይም፤ ሰጪውን ያስታውሳል። ታዲያ ለዚህ ስጦታ ብዙዎች የሚመርጡት «አውቶማቲክ» የሚባለውን ነው። ፊቱ ላይ ባለች ክብ መስኮት ውስጥ የምትርገበገብ ትንሽ ጎማ ትታያለች፤ ጀርባው መስታወት ነው፤ ቀለሙ ወርቅ ይመስላል፤ ሣጥኑ ራሱ ዓይን ይስባል። ሻጩም «ባትሪ አይፈልግም፣ ዕድሜ ልክ ነው» ይላል። ዋጋው ደግሞ ታዋቂ ስም ካላቸው አውቶማቲኮች በጣም ያነሰ ነው። ገዢው ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል። ጥቂት ወራት ሲያልፉ ግን ሰዓቱ ወይ ይዘገያል፣ ወይ ይፈጥናል፣ ወይ ደግሞ ጭራሹን ይቆማል።

ሁለቱም ዝም ያሉበት ሰዓት

አንድ ታሪክ ላጫውታችሁ። ባለታሪኮቹ እንድጽፈው ፈቅደውልኛል፤ ስማቸውን ግን አልጠቅስም። እርሱ መምህር ነው፣ እርሷ አነስተኛ ንግድ ትሠራለች። ቀለበት ባደረጉበት ቀን ከዕቁቧ ባወጣችው ብር አንድ የሚያምር አውቶማቲክ ሰዓት ገዝታ በእጁ አሰረችለት። እርሱም ስጦታዋን ስላከበረው ጠመኔ እንዳይነካው፣ እንዳይቧጨርበት ብሎ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ቤት አስቀምጦ እሑድ እሑድ ብቻ ያደርገው ጀመር። ታዲያ በየሳምንቱ ሲያነሣው ሰዓቱ ቆሞ ያገኘዋል። አስተካክሎ ያስረዋል፤ በሚቀጥለው እሑድ እንደገና ቆሟል። ባሰረበት ቀን ደግሞ በሰው እጅ ካለው ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል።

ተጋብተው አንድ ቤት ሲገቡ ሚስት ሰዓቱን መሳቢያ ውስጥ ቆሞ አየችው። አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ደጋግማ አየችው። ጠየቀችው እንዳልል አልጠየቀችውም። እርሱም ስጦታዋን እንዳያቃልልባት ፈርቶ «ተበላሽቷል» አላለም። አምስት ወር እንዲህ ሆነው ከረሙ። በመጨረሻ እኔ ዘንድ መጥታ «እትዬ፣ የጠላው ሰዓቱን ነው ወይስ እኔን?» አለችኝ። እርሱን ለብቻው ሳነጋግረው ደግሞ «ምን ብዬ ልንገራት? የዕቁብ ብሯን ሁሉ ነው ያወጣችበት» አለኝ። አያችሁ! አንዱ ሌላውን ላለመጉዳት ሲል ዝም ይላል፤ ዝምታው ግን ከእውነቱ የባሰ ይጎዳል።

ሰዓቱን ወደ አንድ ሰዓት ሠሪ ዘንድ ወሰዱት። ሰዓት ሠሪው ጀርባውን ከፍቶ ካየ በኋላ ሁለት ነገር ነገራቸው። አንደኛው፣ ሰዓቱ ሳይታሰር ከተቀመጠ መቆሙ ተፈጥሮው እንደሆነ ነው። ሁለተኛው፣ በቀን ሁለት ደቂቃ ያህል ወደ ኋላ የሚቀረው ከፋብሪካ ሲወጣ በደንብ ስላልተስተካከለ መሆኑን፣ ፈቶ አጽድቶ ለማስተካከል የሚጠየቀው ገንዘብ ደግሞ ከሰዓቱ ዋጋ እምብዛም እንደማያንስ ነው። እንግዲህ ሻጩ በመጀመሪያ ይህን ቢያስረዳ ኖሮ አምስት ወር ሙሉ የዘለቀው ዝምታ ባልመጣም ነበር። ሻጩ ካላስረዳ ደግሞ ገዢው ማወቅ አለበት። የዛሬው ጽሑፍ ዓላማ ይኸው ነው።

አውቶማቲክ ሰዓት በምን ይሠራል?

አውቶማቲክ ሰዓት ባትሪ የለውም። ኃይሉን የሚያገኘው ከተጠቀለለ ሞላ ነው። ሞላው ቀስ እያለ ሲፈታ ጥርስ ያላቸውን ጎማዎች ይገፋል፤ እነርሱም ቆጣሪዎቹን ያዞራሉ። ሞላው በአንዴ ተፈትቶ እንዳያልቅ ወዲያና ወዲህ የምትወዛወዝ ትንሽ ጎማ ትቆጣጠረዋለች። በመስኮቷ ስትርገበገብ የምናያት እርሷ ናት። አባቶቻችን የነበሯቸውን ሰዓቶች በየጠዋቱ በጣታቸው ይሞሉ ነበር። አውቶማቲኩ ግን ውስጡ ግማሽ ክብ የሆነ ከባድ ብረት አለው፤ እጃችንን ስናንቀሳቅስ ብረቱ ይሽከረከርና ሞላውን ይሞላዋል። ይህን አሠራር እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ለእጅ ሰዓት የፈለሰፈው ጆን ሃርውድ የሚባል እንግሊዛዊ ሰዓት ሠሪ ነው። ያነሣሣውም አንዱ ምክንያት በመሙያዋ ቁልፍ በኩል ወደ ሰዓቱ የሚገባው አቧራና እርጥበት ነበር። የበጋ አቧራችንን ለምናውቅ ለእኛ ነገሩ እንግዳ አይሆንብንም።

ሞላው እስከ ጫፍ ከሞላ በኋላ በተለመዱት አውቶማቲኮች 40 ሰዓት ያህል ይቆያል። እስቲ እናስላው። አንድ ሰው እሑድ ማታ 12 ሰዓት ላይ ሰዓቱን አውልቆ ቢያስቀምጠው፣ ከ40 ሰዓት በኋላ ማለትም ማክሰኞ ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ ይቆማል። ያውም እሑድ ዕለት በደንብ ተሞልቶ ከዋለ ነው። ቁጭ ብሎ የሚሠራ ሰው እጁ ብዙ ስለማይንቀሳቀስ ቀኑን ሙሉ አስሮትም ሞላው በቂ ላይሞላ ይችላል። ስለዚህ የመምህራችን ሰዓት በየሳምንቱ መቆሙ በሽታ አልነበረም። ለእሑድ ብቻ የሚታሰር ሰዓት አውቶማቲክ መሆኑ ነበር ስሕተቱ።

ርካሹ ለምን ያሳዝናል?

አንባብያን ሆይ፣ ርካሽ ነገር ሁሉ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ርካሽና ጥሩ የሆነ ብዙ ዕቃ አለ። ችግሩ የሚመጣው ብዙ ሥራ የሚጠይቅ ዕቃ በጥቂት ብር ሲሸጥ ነው። የአንድ አውቶማቲክ ሰዓት ክፍሎች ሲቆጠሩ ብዙውን ጊዜ ከመቶ ያልፋሉ። በብዙዎቹ ውስጥ ያቺ የምትወዛወዝ ጎማ በሴኮንድ 6 ጊዜ ትመታለች፤ በቀን 518,400 ጊዜ ማለት ነው። ይህ ሁሉ እንዲሰምር ክፍሎቹ በጥንቃቄ መቆረጥ፣ ዘይት በልኩ መጠጣት፣ በመጨረሻም ሰዓቱ በባለሙያ መስተካከል አለበት። ዋጋውን ለመቀነስ የሚፈልግ አምራች ታዲያ ከየት ይቀንስ? ከሣጥኑና ከወርቃማው ቀለም አይቀንስም፤ እነርሱ ይታያሉና። የሚቀንሰው ከማይታየው፣ ከማስተካከሉና ከዘይቱ ነው።

ደህና የሚባለውም አውቶማቲክ ቢሆን ደቂቃ አያዛንፍም ማለት አይደለም። ለምሳሌ በብዙ መካከለኛ ሰዓቶች ውስጥ የሚገባው ሚዮታ 8215 የተባለው የጃፓን ሞተር በቀን እስከ 20 ሴኮንድ ሊዘገይ ወይም እስከ 40 ሴኮንድ ሊፈጥን እንደሚችል አምራቹ ራሱ ይገልጻል። በቀን 40 ሴኮንድ በወር 20 ደቂቃ ይሆናል። ይህ እንግዲህ የታወቀው ነው፤ ማንነቱ የማይታወቀው ደግሞ ከዚህም ሊብስ ይችላል።

«ዕድሜ ልክ» የሚለውም አነጋገር ትክክል አይደለም። ባትሪ ባይፈልግም ዘይቱ በዓመታት ውስጥ ይደርቃል፣ ይቆሽሻል፤ በየጥቂት ዓመቱ ተፈቶ መጽዳትና መቀባት ይኖርበታል። ከዚህ በላይ ማግኔት አይወድም። ከስልክ ድምፅ ማጉያ ወይም በማግኔት ከሚዘጋ የሴት ቦርሳ አጠገብ ሲያድር በውስጡ ያለችው እንደ ፀጉር የቀጠነች ጥምዝ ሽቦ እርስ በርሷ ትጣበቅና ሰዓቱ በጣም ሊፈጥን ይችላል። ደግነቱ፣ ማግኔት ማጥፊያ መሣሪያ ያለው ሰዓት ሠሪ ይህን በጥቂት ደቂቃ ያስተካክለዋል።

የባትሪው ሰዓት ሥራ

ብዙ ሰው የባትሪ ሰዓትን «ተራ» ይለዋል። እስቲ ታሪኩን እንመልከት። ሴኮ የተባለው የጃፓን ድርጅት እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 25 ቀን 1969 የመጀመሪያውን የኳርትዝ እጅ ሰዓት ለገበያ ሲያቀርብ ዋጋው 450,000 የን ነበር፤ በዚያን ጊዜ የአንድ ትንሽ መኪና ዋጋ ማለት ነው። ዛሬ ተራ የምንለው ሰዓት ያኔ የሀብታም ዕቃ ነበር። አሠራሩም ይደንቃል። ባትሪው ኳርትዝ የተባለችውን ትንሽ ድንጋይ በሴኮንድ 32,768 ጊዜ ያርገበግባታል። ሰዓቱ ይህን ቁጥር 15 ጊዜ ደጋግሞ ለሁለት ይከፍለዋል፤ የሚቀረው አንድ ነው። ያቺ አንዷ ሴኮንድ ቆጣሪውን ትገፋዋለች።

ውጤቱስ? በብዙ ርካሽ ሰዓቶች ውስጥ የሚገባው ሚዮታ 2035 የተባለው የኳርትዝ ሞተር በወር ከ20 ሴኮንድ በላይ እንዳያዛንፍ ተደርጎ የተሠራ ነው። በዓመት 4 ደቂቃ ማለት ነው። ያኛው አውቶማቲክ በየቀኑ 40 ሴኮንድ ቢፈጥን በዓመት 4 ሰዓት ይደርሳል። እንግዲህ ሰዓትን የምንገዛው ጊዜን እንዲነግረን ከሆነ ተራው የትኛው ነው?

ቀን የሚያሳይ ሰዓትና የእኛ አቆጣጠር

ሰዓት ሲበላሽ ጥፋቱ ሁልጊዜ የሰዓቱ አይደለም። አንዳንዱ ብልሽት የሚመጣው ቀን የሚያሳየው ሰዓት ለእኛ አቆጣጠር ስላልተሠራ ነው። ይህን የሚነግረን ሻጭ ስለማይበዛ ልብ ብላችሁ አንብቡት።

ሰዓቱ ቀኑን የሚቀይረው ቆጣሪዎቹ 12 ላይ ሲገናኙ ነው፤ ይህም በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ይህ እኩለ ሌሊት ነው። እኛ ግን በሀገራችን ሰዓት ስንሞላው 12 የሚሆነው ወይ ጠዋት ወይ ማታ ነው። ስለዚህ የአንዳንዱ ሰው ሰዓት ቀኑን የሚቀይረው ገና ማታ 12 ሰዓት ላይ ሆኖ ያስደነግጠዋል። ጠዋት 12 ላይ እንዲቀየርላችሁ ከፈለጋችሁ ቁልፏን ስባችሁ ቆጣሪዎቹን ወደ ፊት አዙሩ። ቀኑ ሲዘል ያ 12 ሰዓት የጠዋቱ ነው ብላችሁ ከዚያ እየቆጠራችሁ አሁን ወዳለንበት ሰዓት አምጡት።

ዋናው ጥንቃቄ ግን ይኼ ነው። ቆጣሪዎቹ ቀን ወደሚቀየርበት 12 ሲቃረቡና ካለፉም በኋላ ለጥቂት ጊዜ ቀን የሚያዞሩት ጥርሶች ተያይዘው ይቆያሉ። ብዙዎቹ አምራቾች ከ9 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ቀኑን በቁልፏ መቀየርን ይከለክላሉ፤ ጥርሱ ይሰበራልና። የእናንተ ሰዓት ጠዋት 12 ላይ ቀን የሚቀይር ከሆነ የተከለከለው ጊዜ ከሌሊቱ 9 እስከ ጠዋቱ 4 ነው። ማታ 12 ላይ የሚቀይር ከሆነ ደግሞ ከቀኑ 9 እስከ ማታው 4 ነው። ይህን ማስታወስ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ መላው ቀላል ነው፤ በመጀመሪያ ቆጣሪዎቹን ወደ 6 አውርዱ፣ ቀኑን ቀይሩ፣ ከዚያ ሰዓቱን አስተካክሉ።

ሌላም አለ። የሰዓቱ ቀን እስከ 31 ይቆጥራል። የእኛ ወሮች 30 ናቸው፤ ጳጉሜን ደግሞ 5 ወይም 6። ስለዚህ በኢትዮጵያ ቀን የሚጠቀም ሰው በዓመት 13 ጊዜ ቀኑን ማረም አለበት፤ በፈረንጅ ቀን የሚጠቀመው ግን 5 ጊዜ ብቻ ያርማል። በዚህ ላይ ሰዓቱ በየሳምንቱ የሚቆም አውቶማቲክ ከሆነ ድካሙን አስቡት! ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው፤ ቀን የማያሳይ ሰዓት ግዙ። ዋጋውም አይወደድም፣ የሚሰበር ጥርስም የለውም።

ከመግዛታችሁ በፊት

በጊፋታ ሰሞን ቅቤ ስንገዛ በኮባ ቅጠሉ ማማር አንታለልም። ዓመቱን ሙሉ በዕቁብ የቆጠብነውን ብር ይዘን ነውና የሄድነው ገልጠን እናያለን፣ እናሸታለን። ለሰዓትም እንዲሁ እናድርግ።

በመጀመሪያ ሴኮንድ ቆጣሪውን እዩት። በየሴኮንዱ አንድ አንድ እርምጃ የሚዘል ከሆነ በአብዛኛው የባትሪ ነው፤ ሳያቋርጥ የሚንሸራተት ከሆነ በአብዛኛው የሞላ ነው። «አውቶማቲክ» ተብሎ ተጽፎበት በየሴኮንዱ የሚዘል ሰዓት ካያችሁ ግን ሣጥኑን ዘግታችሁ ውጡ።

ሁለተኛ፣ ፊቱ ላይ ያሉት ትንንሽ ክቦች በእርግጥ ይሠራሉ ወይስ ሥዕል ናቸው? የጎን ቁልፎቹን ተጫኑና ተመልከቱ። ሥዕል ከሆኑ ሰዓቱ የሚታየውን እንጂ የሚሠራውን አልያዘም።

ሦስተኛ፣ የጀርባውን ጽሑፍ በጥንቃቄ አንብቡ ወይም አስነብቡ። «ስቴይንለስ ስቲል ባክ» የሚለው የማይዝገው ጀርባው ብቻ እንደሆነ ነው የሚናገረው፤ የቀረው አካሉ ቀለም የተቀባ ሌላ ብረት ሊሆን ይችላል። ላብ ሲነካው ቀለሙ ይለቃል፣ እጅንም ያሳክካል። «ጃፓን ሙቭመንት» የሚለውም ሞተሩ የጃፓን ነው ማለት እንጂ ሰዓቱ በሙሉ ጃፓን ተሠራ ማለት አይደለም። «30 ሜትር» ወይም «3 ባር» የሚለው ደግሞ ፊት ስንታጠብ የሚረጨውን ውኃ ይችላል ማለት ነው፤ ለዋና አይሆንም። ወንዝ ገብተው የሚያጠምቁ መጋቢዎቻችንም ሰዓታቸውን ለባለቤቶቻቸው ሰጥተው ቢገቡ መልካም ነው።

አራተኛ፣ ከሻጩ ጋር በግልጽ ተነጋገሩ። «ለሳምንት ሞክሬው ካዛነፈ ትቀይርልኛለህ?» በሉት። ከተስማማ በደረሰኙ ላይ ይጻፍላችሁ። ቤት ስትደርሱ ከስልካችሁ ሰዓት ጋር አስተካክላችሁ በየማታው ልዩነቱን ወረቀት ላይ መዝግቡ። በ7 ቀን ውስጥ እውነቱ ይወጣል። ሻጮች ለሆናችሁም ወንድሞችና እኅቶች አንድ ቃል አለኝ። ስለ አባይ ሚዛን ስንሰማ የሥጋና የቡና ሚዛን ብቻ ትዝ አይበለን፤ የማይሆነውን «ዕድሜ ልክ» ብሎ መሸጥም ከዚያው ይቆጠራል።

ታዲያ ምን እንግዛ?

ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የውጭ ዕቃ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ እዚህ የብር መጠን አልጽፍላችሁም። የምትመርጡበትን መንገድ ግን ላሳያችሁ።

ለዕለት ሥራ፣ ለገበያና ለእርሻ ርካሹና የማያሳፍረው የካሲዮ ዲጂታል ነው። ኤፍ-91 ደብልዩ የተባለው ሞዴል እ.ኤ.አ. በ1989 ወጥቶ እስከ ዛሬ ይሸጣል። በወር ከ30 ሴኮንድ በላይ አያዛንፍም፤ ባትሪው 7 ዓመት ያህል ይቆያል ይላል አምራቹ። ቀላል ነው፣ ቢወድቅም ቶሎ አይጎዳም። አስመስለው የሠሩት ግን ብዙ ስለሆነ በቀኝ በኩል ያለችውን ቁልፍ ለጥቂት ሴኮንድ ተጭናችሁ ያዙ፤ በትክክለኛው ላይ የካሲዮ ስም ይወጣል። ይህንንም የቀዱ አስመሳዮች ስላሉ በዚህ ብቻ አትተማመኑ፤ የታወቀ ሻጭ ፈልጉ። ደግሞም አስታውሱ፣ ይህ ሰዓት 12 ወር እንጂ ጳጉሜን አያውቅም።

ለቢሮ፣ ለክፍልና ለአምልኮ የሚሆን ባለ ቆጣሪ ሰዓት ከፈለጋችሁ የባትሪውን ምረጡ። ከሲቲዝን ቤት የወጣው ኪው ኤንድ ኪው፣ ወይም የካሲዮ ባለ ቆጣሪዎቹ በቂ ናቸው። የቆዳ ማሰሪያ ሲደረግባቸው ለሠርግም አያሳፍሩም። ባትሪያቸው ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ይቆያል። ስታስቀይሩ ከተቻለ «ኤስ-አር» የሚል ስም ያለውን የብር ኦክሳይድ ባትሪ ጠይቁ፤ «ኤ-ጂ» የሚለው ርካሹ አልካላይን ቶሎ ይደክማል። ያለቀ ባትሪ ደግሞ ሰዓቱ ውስጥ አትተዉ፤ ፈሳሽ ያወጣና ሆዱን ይበላዋል። ከከተማ ርቀው ባትሪ እንደ ልብ ለማያገኙ በብርሃን የሚሞላ ሰዓትም አለ። ሲቲዝን ይህን ዓይነቱን ባለ ቆጣሪ ሰዓት እ.ኤ.አ. በ1976 አውጥቷል። ዋጋው ከፍ ይላል፤ ነገር ግን በየጊዜው ባትሪ ከመቀየር ያድናል።

«እኔ ግን አውቶማቲክ እወዳለሁ» ለምትሉም መንገድ አለ። ሴኮ ፋይቭ እ.ኤ.አ. በ1963 ከወጣ ጀምሮ በጥንካሬው ስም ያተረፈ፣ ሰዓት ሠሪዎቻችንም የሚያውቁት ሰዓት ነው። አዲሱ ከአቅማችሁ በላይ ከሆነ ያገለገለውን ልትፈልጉ ትችላላችሁ። ሲገዛ ግን ከተለያዩ ሰዓቶች ተለቃቅሞ፣ ፊቱ እንደ አዲስ ተቀብቶ የሚሸጥ ብዙ ነው። የአሮጌ ሰዓት ፊት ከመጠን በላይ ቢያንጸባርቅ፣ ፊደሎቹ ቢንሻፈፉ፣ የአካሉ ጠርዞች በመወልወል ብዛት ቢሟልጡ ተጠራጠሩ። ከጀርባው ካለው ባለ 6 አኃዝ ቁጥር የመጀመሪያው አኃዝ የተሠራበትን ዓመት የመጨረሻ አኃዝ በፈረንጅ አቆጣጠር ያመለክታል፤ ሁለተኛው ወሩን። ሻጩ ከሚላችሁ ጋር አስተያዩት። ከሁሉ በፊት ግን የአባታችሁ ወይም የአጎታችሁ የቆመ አሮጌ ሰዓት ሣጥን ውስጥ እንዳለ ጠይቁ። እርሱን ማስጠገን አዲስ ስም የለሽ ከመግዛት የሚሻልበት ጊዜ ብዙ ነው።

አውቶማቲክ የገዛ ሰው በየቀኑ ይሰረው። ለእሑድ ብቻ የሚፈልገው የባትሪውን ይግዛ። ምንም ገንዘብ የሌለው ደግሞ ስልኩ ላይ ሰዓት አለውና አይጨነቅ፤ ለሰዓት ተብሎ ብድር አይገባም።

ለሰጪና ለተቀባይ

ወደ ባልና ሚስቱ ልመለስ። ሰዓት ሠሪው ከነገራቸው በኋላ ሁለቱ ተያይተው ሳቁ፤ ያ ሳቅ አምስት ወር የዘገየ ሳቅ ነበር። ሰዓቱን አልጣሉትም። የቀለበታቸው ቀን መታሰቢያ ነውና ከሠርግ ፎቶዎቻቸው ጋር አኖሩት። ለዕለት ሥራ ደግሞ በሁለቱም ስምምነት አንድ ቀን የማያሳይ የባትሪ ሰዓት ተገዛ። ዋጋው ከመጀመሪያው ሲሶ አይሞላም። ጠመኔ እየነካው ይውላል፣ ማንም አይሳሳለትም፣ እርሷም በየቀኑ እጁ ላይ ታየዋለች።

ወጣቶች ሆይ፣ ስጦታ ስትገዙ የምትወዱት ሰው ቀኑን እንዴት እንደሚያውል በመጀመሪያ አስቡ። ጭቃ ይነካል? ቢሮ ይቀመጣል? በየቀኑ ያስረዋል ወይስ ለእሑድ ነው? ሰውየውን ያወቀ ሰው ስጦታውን አይስትም። ስጦታ የተቀበላችሁም፣ ዕቃው ሲበላሽ ተናገሩ። «ሰዓትሽ ቆመብኝ፣ አብረን እናሳየው» ማለት ነውር አይደለም። ዕቃ ይጠገናል፤ ካልተጠገነም ይተካል። በዝምታ ውስጥ የበቀለ ጥርጣሬ ግን ሰዓት ሠሪ ዘንድ አይወሰድም። ወላጆችም ልጆቻችሁ በሠርግ ዝግጅት ሲጨነቁ «ሰው ምን ይላል?» ብላችሁ ከአቅም በላይ አታስወጧቸው። ሠርጉ በአንድ ቀን ያልፋል፤ ዕዳው ግን ከሙሽሮቹ ጋር ጎጆ ይገባል።

በዚህ ሳምንት ቤታችሁ ያለውን ሰዓት አንሥታችሁ ከስልካችሁ ጋር አስተያዩት። የቆመ ካለ ለምን እንደቆመ ጠይቁ። ያለቀ ባትሪ ካለው አስወጡለት።

በሚቀጥለው እትም በሌላ ርእስ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ። ጌታ ትዳራችሁንና ቤታችሁን ይባርክ።